አሥራ አራት ዱላ ይዞ ጀፎረ የወረደው ሰው

እናላችሁ፣ ሰውዬው ከአሜሪካ ሲመጣ ሁለት ሻንጣ ይዞ ነበር። አንደኛው ከውጭ የሚመጣ የማንኛውም ዘመድ ሻንጣ ነው፤ ጫማ፣ ሽቶ፣ ቫይታሚን፣ ለእከሌ የተላከ ስልክ። ሁለተኛው ግን ረጅምና ድቡልቡል፣ ከወገብ በላይ የሚደርስ ነገር ነው። የሰፈሩ ልጆች ከታክሲ ሲወርድ አይተው አንዱ «መትረየስ ነው» አለ፣ አንዱ «የለም፣ የሙዚቃ መሣሪያ ነው» አለ። ሲከፈት 14 ዱላ ወጣ። ትልልቆቹ ኮፍያ ሳይቀር ተሰፍቶላቸዋል።

የጎልፍ ደንብ አንድ ተጫዋች ከ14 በላይ ዱላ እንዳይዝ ይከለክላል። የእኛ ሰው ከተፈቀደለት አንዷንም አላስቀረ።

የማን ልጅ መሰላችሁ? የጉራጌ፣ የቸሃ ልጅ ነው። ከእምድብር ወዲያ ተወልዶ፣ ጥጃ ጠብቆ፣ በልጅነቱ አጎቱን ተከትሎ መርካቶ ገብቶ፣ ከመርካቶ ሜሪላንድ የደረሰ። እዚያ መጀመሪያ የጎልፍ ክለብ በር ላይ የሰው መኪና ያቆም ነበር። ቆይቶ ኳስ ለቃሚ አደረጉት። አመሻሽ ላይ ሰው ሲመናመን አንዷን ዱላ አነሳ፤ እሷም ያዘችው፣ አልለቀቀችውም። ዛሬ እሑድ እሑድ ለሠርግና ለለቅሶ ካልሆነ አይገኝም።

ደግሞም መራጭ ነው። የጎልፍ ሜዳ አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። የባሕር ዳርቻ ሜዳ አለ፤ አሸዋማ፣ ዛፍ የማያውቀው፣ ነፋስ ኳሱን ከአየር ላይ የሚነጥቅበት። ከባሕር ርቆ በዛፍ መካከል የተዘረጋም አለ፤ ሣሩ ለምለም፣ መተላለፊያው ጠባብ፣ ግራ ቀኙ ግንድ። የእኛ ሰው የሚወደው ይኼኛውን ነው። ጓደኞቹን አስከትሎ፣ ከግዛት ግዛት እየነዳ፣ ወንድ ልጅ የሚያስለቅስ ሜዳ ፍለጋ ይዞራል። አገር ቤት ገብቶ እግሩን ሳያሳርፍ የጠየቀኝም ይህንኑ ነው፤ «ከባድ ሜዳ ውሰደኝ። ዛፍ ያለበት።»

አዲስ አበባ ጎልፍ የላትም ማለቴ አይደለም። እንግሊዞች ከዳግማዊ ምኒልክ ባገኙት የየካ መሬት ላይ፣ ኤምባሲያቸው ግቢ ውስጥ፣ ባለ ዘጠኝ ጉድጓድ ሜዳ አላቸው። በጦር ኃይሎች በኩልም የጎልፍ ክለብ አለ። እኔ ግን ሌላ ቦታ ነበር ያሰብኩለት።

«ወልቂጤ እንሂድ» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ወልቂጤ ጎልፍ ተጀመረ?»

«ጎልፍ የለም። ሜዳ ግን አለ። አንተው ጥጃ የጠበቅህበት።»

ሳቁ ቆመ።

የገና ዋዜማ ነበር። ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶን አልፈን፣ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ወልቂጤ ገባን። ወልቂጤ የጅማ መንገድ መሐል ለመሐል የሰነጠቃት፣ የጭነት መኪና ጡሩምባ የማይለያት፣ ነጋዴ ከተማ ናት። ክትፎዋን ጾም ስለነበር ተሳልመን አለፍን። በጉብሬ፣ በዩኒቨርሲቲው በኩል ወደ እምድብር ታጠፍን፤ አስፋልቱን ትተን ጥቂት እንደሄድን ሰውዬው «አቁም! አቁም!» አለኝ። ወረደ። ጫማውን አወለቀ። ሣሩ ላይ ቆመ።

ጀፎረ ያላየ ሰው ካለ እዚህ ላይ ልንገረው። በሰባት ቤት ጉራጌ አገር መንደር የሚሠራው በጀፎረ ግራና ቀኝ ነው። ጀፎረ ሰፊ፣ ሣር የለበሰ፣ የጋራ መንገድ ነው፤ አንዳንዱ ወርዱ ከኳስ ሜዳ ወርድ የሚጠጋ፣ ርዝመቱ ኪሎ ሜትር አልፎ የሚሄድ። ቤቶቹ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ይቆማሉ፣ በየደጃፉ አጥር አለ፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ባሕር ዛፉ። ሙሽራ የምትመጣው በጀፎረ ነው፤ ሬሳ የሚሸኘው በጀፎረ ነው፤ ከብት ይግጥበታል፣ ፈረስ ይጋለብበታል፣ ሽማግሌ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይፈርድበታል። የማንም አይደለም። የሁሉም ስለሆነ የማንም አይደለም። የሰባት ቤት ጉራጌ ባህላዊ ሕግ፣ የጆካ ቅጫ የሚባለው፣ ይጠብቀዋል፤ አጥሩን ወደ ሣሩ የገፋ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል።

ሣሩን ማን ያጭደዋል ብትሉ፣ ላሞች። ሰርዶ ነው አብዛኛው። እዚህ ላይ ለእኔ ጉድ የሆነብኝን ነገር ልንገራችሁ፤ ይሄ እኛ የምንረግጠው ሰርዶ በሞቃት አገሮች የጎልፍ ሜዳ ዋነኛ ሣር ነው። የማስተርስ ውድድር የሚካሄድበት፣ በአሜሪካ ጆርጂያ ያለው የአውጉስታ ሜዳ ሳይቀር ከሥር የተተከለው የሰርዶ ዘር ነው፤ ብርድ ሲመጣ ሌላ ሣር ይዘሩበታል እንጂ። እነሱ ለማጨጃ መኪናና ለውሃ የሚከፍሉትን ገንዘብ ብታውቁ ላሞቹን ዝቅ ብላችሁ እጅ ትነሱ ነበር።

በማግሥቱ ታኅሣሥ 29፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሌሊት ቀድሶ፣ ሰው ጾም ፈቶ፣ ፀሐይ ገና ሳትበረታ ሰውዬው 14ቱን ዱላ ተሸክሞ ጀፎረ ወረደ። የሰፈሩ ትልቅ ሰው ጫፉ ላይ ካለ አንድ ዝግባ ሥር ተቀምጠዋል። ሄደን ሰላምታ ሰጠን፣ ፈቃድ ጠየቅን።

«ምን ልታደርጉበት?» አሉ።

«ኳስ በዱላ መምታት ነው፣ አባባ። ከዚያ ጫፍ ተነስቼ በጥቂት ምት እዚህ ጫፍ መድረስ። መጨረሻ ላይ ጉድጓድ ትቆፈራለች፣ ኳሷ እዚያ ትገባለች።»

«ጉድጓድ አይቆፈርም» አሉ ወዲያው። «ላም እግሯን ትሰብራለች። ፈረስም ይወድቃል። ሌላ ዘዴ አምጣ።»

ተመካከርን። የማብቂያው ነገር ዝግባው ሆነ፤ ኳሷ የዝግባውን ግንድ ስትነካ ጨዋታው አለቀ። ሽማግሌው ግን ገና አልለቀቁንም። ኳሷን እጃቸው ላይ አመዛዘኗት። 46 ግራም እንኳ የማትሞላ ነገር ናት፤ ግን ድንጋይ። «ሕፃን ብትመታስ?» አሉ። ልጆቹ በሙሉ ከኋላ እንዲቆሙ፣ ከብቱም ወደ ዳር እንዲነዳ ተፈረደ። ሰውዬው በሜሪላንድ ለአንድ ጥዋት ጨዋታ ከፍሎ የማያገኘው ዓይነት አስተናባሪ ነው የተመደበለት።

ቡና እስኪፈላ ድረስ ሽማግሌው ሌላ ጥያቄ አመጡ፤ ጨዋታውን የጀመሩት ሰዎች በማን መሬት ላይ ነው የሚጫወቱት? ሰውዬው ይህንን ጠንቅቆ ያውቀዋል። በስኮትላንድ በሐዋርያው በቅዱስ እንድርያስ ስም የተጠራች ከተማ እንዳለች፣ ከዓለም ሜዳ ሁሉ የሚከበረው አሮጌ ሜዳ እዚያ እንደሆነ፣ ግን የግለሰብ ሳይሆን የሕዝብ መሬት እንደሆነ ነገራቸው። እንደ ፈረንጆቹ በ1457፣ እዚህ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በነገሡበት ዘመን፣ የስኮትላንድ ፓርላማ ወጣቱ ቀስት መልመድ ትቶ ዱላ ይዞ ዋለ ብሎ ጎልፍን አገደ። መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በ1552፣ የከተማዋ ሊቀ ጳጳስ ሕዝቡ በዚያ ሣር ላይ የመጫወት መብቱ የተጠበቀ እንደሆነ በጽሑፍ አጸና። ዛሬም ድረስ የከተማው መንገድ ሜዳውን አቋርጦ ያልፋል፤ ሰው ሲሻገር ተጫዋቹ ይጠብቃል።

«እሑድስ?» አሉ።

«እሑድ አሮጌው ሜዳ ለጨዋታ ዝግ ነው። የከተማው ሰው ልጁንና ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል።»

«ከብትስ?»

«ድሮ በግ ይግጥበት ነበር።»

ሽማግሌው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ታዲያ ጀፎረ ነዋ! እነሱም የጆካ አላቸው ማለት ነው።»

ከዚህ የተሻለ ትንታኔ ከማንም የጎልፍ ጋዜጠኛ አልሰማሁም።

ጨዋታው ተጀመረ። የመጀመሪያውን ምት ብታዩት! ሰውዬው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ከማይል አገር የመጣ ነው፤ እኛ ያለንበት ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። አየሩ ሲሳሳ ኳስ ከለመደችው አሥር በመቶ ያህል አልፋ ትሄዳለች። ኳሷ ወጣች፣ ወጣች፣ ሰማይ ላይ ቆየች፣ ማዶ ሣሩ መሐል ወርዳ ተንከባለለች። ልጆቹ ጮኹ። ሰውዬው ኮፍያውን አነሳላቸው። ያን ጊዜ ነው ማቆም የነበረበት።

ጀፎረው ከዚያ በኋላ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ እጥፋቱ ላይ አንድ አሮጌ ወይራ ቆሟል። ብልህ ሰው ኳሱን አጠር አድርጎ ወይራውን ዞሮ ይሄዳል። የእኛ ሰው በላዩ ሊያሳልፍ አሰበ። ኳሷ ግንዱን መታች፣ ከራሱ በላይ ተመልሳ እሱ ከቆመበት ወደ ኋላ ሄደች። ልጆቹ አሁንም ጮኹ፤ ሣቅ ነበረበት። ተናደደ። ሲናደድ ደግሞ ምቱ ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ ቀጣዪቱ ኳስ አጥር ተሻግራ እንሰት ውስጥ ገባች።

ያ እንሰት የአንዲት እናት ነው። ወጡ። «የማን ናት?» አሉ ኳሷን በሁለት ጣት ይዘው። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ «የእኔ ናት፣ እማማ» አለ። ትክ ብለው አዩት። የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት። የአባቱን ስም ሲነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ እናቱን ያውቋታል፣ አብረው እንሰት ፍቀዋል። ከዚያ በኋላማ ኳሷ ተረሳች። በጎልፍ ደንብ ከክልል የወጣ ኳስ አንድ ምት ያስቀጣል። እዚህ ግን ቆጮ በአይብና በጎመን ያስቀርባል፤ እንቢ ማለት ደግሞ አይቻልም። እኛም ከኋላ የነበርነው ሁሉ አብረን ተቀጣን።

ሆዳችን ሞልቶ ተመልሰን ድጋሚ ሲመታ ኳሷ እበት ላይ አረፈች። «አንስቼ ንጹሕ ሣር ላይ ላስቀምጣት» ብሎ ለመነ። ሽማግሌው እየሳቁ «ሣሩን የሰጠችህ ላም ናት፣ እበቱም የእሷ ነው፤ ምታ» አሉ። መታ። ሱሪው የአውሮፓ ነበር።

ዝግባው ጋ በስንት ምት እንደደረሰ እንዳልናገር አስምሎኛል፤ መሐላ አላፈርስም። የአሜሪካ ጓደኞቹ እዚህ ሜዳ ቢመጡ ግን ግማሾቹ አይጨርሱትም ብሏል፤ ይህንን እንድናገር ፈቅዷል። ዛፉ፣ እጥፋቱ፣ ተዳፋቱ፣ ግራ ቀኙ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የሚያውቅህ ሰው። ውድ የሚከፈልባቸው ሜዳዎች ንድፍ አውጪ ቀጥረው የሚፈጥሩትን ችግር ሁሉ ጀፎረው ያለ ንድፍ ይዞታል።

ዋናው ጨዋታ ግን ከሰዓት በኋላ ነበር።

ገና የሚባለውን ጨዋታ ለናንተ ማስተዋወቅ ይከብደኛል፤ ግን በከተማ እየጠፋ ስለሆነ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ ከእንጨት ወይም ከቆዳ የተሠራች ሩር፣ ሁለት ወገን። የተጫዋች ቁጥር አይወሰንም። ዳኛ አለ፣ ሰዓት የለም፤ ጨለማ ነው የሚያስቆመው። እረኞች የጌታን መወለድ ሲሰሙ በደስታ በዱላቸው ሩር መቱ ይባላል፤ ስሙም ከበዓሉ ጋር አንድ ነው። ጌታና ሎሌ በዚያ ቀን እኩል ናቸው፤ ቁርጭምጭሚቱን የተመታ ባለጸጋ አይቆጣም፣ ቢቆጣ መሳለቂያ ይሆናል። በዚያ ቀን ከመርካቶ ለበዓል የመጣ ባለ ሱቅና ሱቁን የሚጠብቅለት ልጅ በተቃራኒ ወገን ተሰልፈው ነበር፤ ልጁ ለምን ያን ያህል እንደተጋ አሁንም ይገርመኛል።

ሰውዬውን የታች ቤት ወገን አደረጉት። ከ14ቱ አንዷን፣ ብረቷን፣ ይዞ ሊገባ ሲል ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ። «ብረት አይገባም። ይሄ ጨዋታ ነው።» አንድ የወይራ ዱላ ሰጡት። ዱላዋን እንደለመደው ከትከሻው በላይ ወደ ኋላ ሲያነሳት ከጀርባው ያለው ሁሉ «ኧረ!» ብሎ ተበተነ። ገና ላይ ዱላ ከጉልበት በላይ የሚያነሳ ሰው ለጥይት ይቅረብ ይሉታል እዚያ ሰፈር።

ጎልፍ ዝምታ ይፈልጋል፤ አንድ ሰው ሊመታ ሲል ሌላው ትንፋሹን ይውጣል። እዚህ ጩኸቱ ራሱ ተጫዋች ነው። ጎልፍ ላይ ኳሷ ቆማ ትጠብቅሃለች፤ እዚህ ለመምታት ስታስብ ሌላ ሰው መትቷታል። መጀመሪያ ሰውዬው ሩሯን አላያትም ማለት ይቻላል። አቧራ፣ እግር፣ ዱላ፣ ዱላ። ፀሐይ ወደ ባሕር ዛፉ ስታዘነብል አንዴ ብቻዋን ወጥታ እግሩ ሥር መጣችለት። የሜሪላንድ ልምድ ያን ጊዜ ጠቀመ፤ ዝቅ አድርጎ፣ ክንዱን ሳያጥፍ፣ አንዴ መታት። ሣሩን እየላሰች እስከ ላይ ቤት ጫፍ ነጎደች። የታች ቤት ሰዎች ተሸክመውት ዞሩ።

ቢሆንም ላይ ቤት አሸነፈ። አሸናፊ በገና ተሸናፊን በግጥም የመስደብ መብት አለው፤ ምሽቱን ሙሉ የሰውዬው ጫማ፣ ጓንቱና የእንሰቱ ውስጥ ኳስ በዜማ ሲነሱ አመሹ። ሲስቅ እንባው ወረደ።

ከዚያ በደጋው በኩል የጉራጌን ተራሮች ተሻግረን ቡታጅራ ወረድን። ቡታጅራ ሌላ ዓለም ናት፤ ሞቅ ያለች፣ ባጃጅ የሚርመሰመስባት፣ ገበያዋ በማረቆ በርበሬ የሚያስነጥስ። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ማብቂያ ሲመሠረት ጉራጌ ሁለት ዞን ሆኖ የምሥራቁ መቀመጫ ሆናለች። የቡታጅራ ሰው ስለ መንገድ ሲያወራ ደረቱን ይነፋል፤ ምክንያትም አለው። ጉራጌ በ1950ዎቹ ከየኪሱ አዋጥቶ፣ ማኅበር አቋቁሞ፣ ከዓለም ገና በቡታጅራ አድርጎ ወደ ሶዶ የሚወርደውን መንገድ ያሠራ ሕዝብ ነው። የመኪናውን መንገድ በገንዘቡ አሠራ፤ የሣሩን መንገድ ለማንም አልሸጠም።

በስልጤ በኩል ወዳለው ሐረ ሸይጣን ሐይቅም ደረስን። እሳተ ገሞራ የቆፈረው አረንጓዴ ውሃ ነው፣ ገደል የከበበው። ድንጋይ የወረወረ ሰው ማዶ አያደርስም ይባላል። ይህንን ለጎልፍ ተጫዋች መንገር ጥፋት ነው። ኳስ አስቀመጠ፣ መታ፤ የት እንዳረፈች ያየ የለም። የአካባቢው ልጆች ተረቱ እውነት መሆኑን በድጋሚ አረጋገጡ፤ እሱ ፀሐዩን ወቀሰ። እኔ ሐይቅ ውስጥ ኳስ መጣሉን አልወደድኩለትም፤ ነግሬዋለሁ።

ማታ ቡታጅራ ሆቴል ተቀምጠን ሳለ አንድ ገንዘብ ያለው ሰው የጀፎረውን ወሬ ሰምቶ ወደ ጠረጴዛችን መጣ። ዓይኑ በርቷል። «አጥረን ባለ 18 ጉድጓድ ብናደርገውስ? ሎጅ፣ መዋኛ፣ ቱሪስት...» ጓደኛዬ በትዕግሥት አዳመጠው። ከዚያ ሒሳቡን አስቀመጠለት። ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ከ50 ሄክታር በላይ ይፈልጋል። ውሃውን በየቀኑ ይጠጣል። አጥር ይፈልጋል፣ ጥበቃ ይፈልጋል፣ ላም አይፈልግም። «ላሟን ካስወጣህ ሣሩን በነዳጅ ልታጭድ ነው። ሽማግሌውን ካስወጣህ ዳኛ ልትቀጥር ነው። እኚያን እናት ካስወጣህ ቁርሱን ማን ያበላል?» አለው። ባለገንዘቡ ስልኩን አንስቶ ወጣ።

እውነቱን ለመናገር ጀፎረን የሚያሰጋው ጎልፍ አይደለም። ሎጅ የሚሠራ ባለሀብት ሲመጣ ሰው ይነቃል፣ ይሰበሰባል፣ ይጮኻል። የሚያሰጋው ጸጥ ብሎ የሚመጣው ነው፤ በየዓመቱ አንድ ክንድ የሚገፋ አጥር፣ ሣሩ ዳር የሚተከል አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ፣ ለባጃጅ እንዲመች ተብሎ መሐል ላይ የሚደፋ ጠጠር። የሚገፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዕድ አይደለም፤ ለመስቀል ብቻ አገሩን የሚያይ፣ ከመርካቶ ወይም ከሜሪላንድ ገንዘብ ልኮ ግንብ አጥር የሚያሠራ የአገሩ ልጅ ነው። ጓደኛዬ ይህንን ስለው አልተከራከረኝም። የአባቱን ቤት አጥር በግንብ ሊያሠራ አስቦ እንደነበር ነገረኝ፤ ልኩን ሽማግሌው ባሉበት እንዲለኩለት ተስማማ።

እንግዲህ ሄዳችሁ እዩት። በገና ወይም በመስቀል ሰሞን ሂዱ፣ አገሩ ሙሉ ስለሆነ። መኪናችሁን ሣሩ ላይ አታውጡ። ከሽማግሌ ሳታስፈቅዱ ዱላ አታንሱ፣ ብረቱንም ቤት ተዉት። እናንተ የአገሩ ልጆች ደግሞ፣ አጥር የምታሳጥሩ ከሆነ፣ ችካሉን አያታችሁ ከተከሉት ቦታ አንድ ስንዝር ወደ ፊት አታስኪዱት።